ከጅማ ለአንጂዮግራፊ የሚላክ፣ ኩላሊቱ የደከመ በሽተኛ፦ ስለ ኮንትራስቱ ዓይነት፣ ስለ መጠኑና ስለ ሦስተኛው ቀን

ይህን የውይይት ክር የከፈተው ጅማ ላይ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። ስኳር ያለበት፣ ክብደቱ 60 ኪሎ፣ ክሬቲኒኑ (የኩላሊት ድካምን የሚያሳይ የደም ምርመራ) 2 ሚሊግራም በዴሲ ሊትር የሆነ ሰው ደረቱን እየያዘው የልብ ደም ሥር ምርመራ (አንጂዮግራፊ፣ ኮንትራስት የሚባል ቀለም በደም ሥሩ ሰጥቶ በራጅ ማየት) ታዞለት ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ነው ይልና፣ የሪፈር ወረቀቱ ላይ አዮዲክሳኖል የተባለው ኮንትራስት ካልተገኘ ምርመራው ይቆይ ብሎ መጻፍ ይገባ እንደሆነ ይጠይቃል። ጥያቄ ይምሰል እንጂ አቋሙን ይዞ ነው የመጣው፤ ኩላሊትን የሚጎዳው የኮንትራስቱ ዓይነት ስለሆነ ደህናው እስኪገኝ ቀጠሮው ቢገፋ ይሻላል ባይ ነው። ሃያ መልስ ተከተለው። ምስጋናና ሰላምታውን ትቼ ፍሬውን እንደ ቅደም ተከተሉ አስቀምጫለሁ።

ቁጥር 1 በትሕትና ጀመረ፤ ከክርክሩ በፊት ቁጥሮቹ ይታወቁ አለ። የሰው ደም ኦስሞላሊቲ፣ ማለትም በፈሳሹ ውስጥ የሟሙት ቅንጣቶች ክምችት፣ 290 ሚሊኦስሞል በኪሎ ገደማ ነው። የድሮዎቹ አዮናዊ ኮንትራስቶች፣ እንደ ዳያትሪዞኤት ያሉት፣ ለልብ በሚሰጡበት ክምችት ከ1500 በላይ ይደርሱ ነበር። አዮሄክሶል 350 ወደ 844፣ አዮፕሮማይድ 370 ወደ 770፣ አዮዲክሳኖል 320 ደግሞ ልክ እንደ ደሙ 290 ነው። ምክንያቱንም አብራራ፤ ኤክስሬይን የሚያግደው አዮዲን ነው፣ ኦስሞላሊቲን የሚያወጣው ደግሞ የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። አዮናዊው ሲሟሟ ለሁለት ይከፈልና በሁለት ቅንጣት ሦስት አዮዲን ይሰጣል። አዮናዊ ያልሆነው በአንድ ቅንጣት ሦስት፣ ጥንድ የሆነው አዮዲክሳኖል በአንድ ቅንጣት ስድስት አዮዲን ይሸከማል። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዮናዊ ያልሆነ ኮንትራስት ይሠራ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ስዊድናዊው የራጅ ሐኪም ቶርስተን አልሜን መሆኑንም አነሳ። ከሁሉ የጠቀመኝ ግን አንድ ማስታወሻው ነው፤ ዝቅተኛ ኦስሞላር የሚባሉት፣ እንደ አዮሄክሶል ያሉት፣ ዝቅ ያሉት ከድሮዎቹ አንጻር እንጂ ከደም ጋር ሲተያዩ አሁንም ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ናቸው።

ቁጥር 2 ይህን ይዞ ክሩን የከፈተውን ሰው አቋም ደገፈ። ማስረጃው በ2003 የወጣው ኔፍሪክ የተባለ ጥናት ነው። ስኳርና የኩላሊት ድካም ያለባቸው 129 ሰዎች ተመርምረው፣ ክሬቲኒናቸው በ0.5 ወይም ከዚያ በላይ የጨመረባቸው ከአዮዲክሳኖል ወገን 3 በመቶ፣ ከአዮሄክሶል ወገን 26 በመቶ ነበሩ። ከዚህ ወዲያ ምን ክርክር ያስፈልጋል የሚል ድምፅ ነበረው።

ቁጥር 3 እዚህ ላይ ነው ቆጣ ያለው። ኔፍሪክ አዮዲክሳኖልን ያነጻጸረው ከአንድ መድኃኒት፣ ከአዮሄክሶል ጋር ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ ተነስቶ ዝቅተኛ ኦስሞላር የሚባሉትን ሁሉ መኮነን እንደማይቻል ጻፈ። በ2007 የወጣው ኬር የተባለው ጥናት 414 የኩላሊት ድካም ያለባቸውን ሰዎች በአዮፓሚዶልና በአዮዲክሳኖል መድቦ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ዛሬ መመሪያዎች ሁለቱንም ወገን የሚቀበሉት ለዚህ ነው። አነጋገሩ ሻከር ቢልም የመጨረሻው ዐረፍተ ነገሩ ትክክል ይመስለኛል፤ ደረቱን የሚይዘውን ሰው መድኃኒት እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ማስቀመጥ ኩላሊቱን አድኖ ልቡን መግደል ሊሆን ይችላል።

ቁጥር 4 ፋርማሲስት ናት፤ ሁለቱም የዘነጉትን ባሕርይ፣ ውፍረቱን፣ አመጣች። አዮዲክሳኖል 320 በ20 ዲግሪ 26 ሴንቲፖይዝ (የውፍረት መለኪያ) ያህል፣ በ37 ዲግሪ 12 ያህል ነው፤ አዮሄክሶል 350 ደግሞ ከ20 ወደ 10 ይወርዳል። ቀዝቃዛውን አዮዲክሳኖል በቀጭን ካቴተር (ወደ ደም ሥሩ የሚገባ ቱቦ) በእጅ የሚገፋ ሰው በቂ ፍጥነት ስለማያገኝ የደም ሥሩ ግማሹ ሳይሞላ ፊልሙ ያልቃል፤ ይደግመዋል፤ ለኩላሊቱ ታስቦ የተገዛው ውድ ጠርሙስ ዞሮ መጠኑን ያስጨምራል። መፍትሔዋ ቀላል ነው። 37 ዲግሪ የሚጠብቅ የማሞቂያ ሳጥን፣ ጠርሙሱ የገባበት ቀን የተጻፈበት፣ ቢበዛ ለአንድ ወር። ፍል ውኃ ውስጥ መንከር የለም፤ የደፈረሰ ወይም ቅንጣት የያዘ ጠርሙስ ይጣላል። የአንዱን ጠርሙስ ትራፊ ለሌላ በሽተኛ ማዋልን በተመለከተ ሁለት መስመር ሙሉ ተቆጣች፤ እሱንም ልክ ናት።

ቁጥር 5 የካት ላብ፣ ይህ ምርመራ የሚሠራበት ክፍል፣ ባለሙያ ነው፤ በእኔ ግምት የክሩ ምርጥ መልስ የእሱ ነው። ቀለሙ የት እንደሚያልቅ አንድ በአንድ ቆጠረ። ግራው የልብ ደም ሥር በአንድ አቅጣጫ 7 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሰከንድ 3 ወይም 4 እየተገፋ፣ አራት ወይም አምስት አቅጣጫ። ቀኙ 4 ወይም 5 ሚሊ፣ ቀስ ተብሎ፣ ሁለት ወይም ሦስት አቅጣጫ። ሁሉም ተደምሮ 50 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ከዚህ በላይ የልብ ግራ ክፍል ምስል ከታከለ በማሽን 30 እስከ 40 ሚሊ በአንድ ጊዜ ይገባል። የልብ አልትራሳውንድ ቀድሞ የተሠራለት ሰው ይህ ምስል ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ እሱን በመተው ብቻ ከጠቅላላው ሲሶ በላይ ይቀራል። ስለዚህ ከጅማ የሚላከው ሰው የአልትራሳውንድ ውጤቱ ከሪፈሩ ጋር ተያይዞ ይሂድ አለ። እንደ ምክር ትንሽ ይመስላል፤ ከጠርሙሱ ምርጫ ይልቅ ግን ይህ በእጃችን ያለ ነገር ነው።

ስለ እጅ ሥራውም በዝርዝር ጻፈ። ካቴተሩ አፉን ሲፈልግ በየሙከራው የሚረጨው አንድ ሁለት ሚሊ ሳይታወቅ 20 ይሞላል። ሥራው የጠበበውን ሥር የሚከፍት ስቴንት ወደ ማስገባት ካለፈ ደግሞ ወፍራሙ ካቴተር ራሱ ወደ 2 ሚሊ ሊትር ይይዛልና፣ በሳላይን (በጨው ውኃ) ከመታጠቡ በፊት ያለውን ቀለም ወደ ሲሪንጁ መልሶ መሳብ ይገባል፤ አለዚያ ሳላይኑ ገፍቶ ወደ በሽተኛው ይከተዋል። ሲሪንጁ ጫፉ ወደ ታች፣ መግፊያው ወደ ላይ ሆኖ ይያዛል፣ አየር ካለ ወደ ኋላ እንዲወጣ፤ እስከ መጨረሻውም አይገፋም። ከመግፋት በፊት የግፊቱ መስመር ይታያል፤ ማዕበሉ ከተደፋ ጫፉ ግድግዳ ነክቷል ወይም ሥሩን ዘግቷል ማለት ነው። በዚያ ሁኔታ የሚገፋ ሰው ሥሩን ሊሰነጥቅ ወይም ልቡን ወደ ፊብሪሌሽን (ደም ወደማይገፋ መንቀጥቀጥ) ሊከት ይችላል።

ቁጥር 6 ለቀኙ ለምን አነስተኛ መጠን እንደሚሰጥ ጠየቀና ራሱ መለሰ። የልብ ምት የሚነሳበት ነጥብ ከግማሽ በላይ በሆነው ሰው ላይ፣ ምቱ የሚተላለፍበት ነጥብ ደግሞ በአብዛኛው ሰው ላይ ደም የሚያገኙት ከቀኙ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ ሲገባ ምቱ ይዘገያል። የሜሰን ሶንስንም ታሪክ አስታወሰ። በ1958 ክሊቭላንድ ውስጥ ካቴተሩ ሳይታሰብ ቀኙ ደም ሥር ውስጥ ገብቶ፣ ለአኦርታ (ከልብ ለሚወጣው ዋና ደም ሥር) የታሰበው ብዙ ቀለም ወደዚያ ፈሰሰ፤ ልቡ ቆመ፤ ሐኪሙ በሽተኛውን ሳል ሳል እያለ ቀለሙን አስወጣው፣ ልቡም ተመለሰ። የልብ ደም ሥርን ለብቻው በቀለም መሙላት እንደሚቻል የታወቀው በዚህ ነው። ምቱ ሲዘገይ ሳል ማለት እስከ ዛሬ ይሠራል።

ቁጥር 7 ሒሳቡን አመጣ። የሲጋሮኣ ቀመር በ1989 የወጣ ነው፤ 5 ሚሊ በክብደት ተባዝቶ ለክሬቲኒን ይካፈላል፣ ጣሪያው 300 ሚሊ። ለተጠየቀው ሰው 5 ጊዜ 60 ለ2፣ 150 ሚሊ ሊትር። ሌላው መለኪያ የቀለሙን መጠን ከጂኤፍአር (ኩላሊቱ በደቂቃ የሚያጣራው በሚሊ ሊትር) ሦስት እጥፍ አለማሳለፍ ነው፤ ጂኤፍአሩ 35 ቢሆን 105 ሚሊ። ሁለቱ ሲለያዩ ትንሹን ይዞ መሄድ ነው አለ። ቀጥሎ ያስጠነቀቀው ነገር እዚህ ጅማም ያጋጥማል፤ አንዳንድ ላብራቶሪ ክሬቲኒንን በማይክሮሞል ይጽፋል። 177 ማይክሮሞል ማለት 2 ሚሊግራም ነው፤ በ88.4 ማካፈል። ሪፈሩ ላይ አሃዱ ሳይጻፍ ቁጥሩ ብቻ ከሄደ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ይገምታል። መጠን መቀነስ እንደሚቻል ማሳያው 2022 ነው ብሎም ጨመረ፤ የሻንጋይ ፋብሪካ በኮቪድ እገዳ ምክንያት ሲዘጋ አዮሄክሶልና አዮዲክሳኖል በብዙ አገር አነሱና፣ ሆስፒታሎች መጠኑን መቆጠብ ግድ ሆነባቸው።

ቁጥር 8 ከሁሉ በላይ ስለታም ነበር። ስለ ካት ላብ የምትጽፉት ሁሉ የካት ላቡ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ ከጅማ የምንልከው ሰው ግን ደርቆ ነው የሚደርሰው ሲል ወቀሰ። አንደኛ፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ ይታዘዛል። ሁለተኛ፣ ወቅቱ ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ከሆነ ከዚያም በፊት አልጠጣም፤ ሰው ለሐኪሙ ጾመኛ ነኝ ብሎ ራሱ አይናገርም፣ መጠየቅ አለበት። ሦስተኛ፣ 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ የሚሄድ ሽማግሌ ሹፌሩን አቁምልኝ ላለማለት ሲል ውኃ አይነካም። ንጹሕ ውኃ ለሥራው ሁለት ሰዓት እስኪቀር ድረስ ይፈቀዳል፤ ይህ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፎ ይሰጠው አለ። ሳላይን የሚያስፈልገው ከሆነ የተለመደው በኪሎ 1 ሚሊ በሰዓት፣ ከሥራው በፊት ለ12 ሰዓት፣ ከሥራው በኋላም ለ12 ሰዓት ነው።

ቁጥር 9 ኩላሊቱን ለመጠበቅ አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት 600 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ ይጨመር፣ ርካሽ ነው አይጎዳም አለ። ቁጥር 10 ፋርማሲስቷ ተመልሳ ይህን ቆረጠችው። አክት የተባለው ጥናት በ2011 2308 ሰዎችን መርምሮ መድኃኒቱ ከተሰጣቸውም ካልተሰጣቸውም ወገን እኩል 12.7 በመቶ የኩላሊት ጉዳት አገኘ፤ ፕሪዘርቭ ደግሞ በ2018 ወደ 5 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ አሴቲልሲስቴይን ከባዶ እንክብል፣ ባይካርቦኔትም ከሳላይን የተሻለ ነገር እንዳላመጡ አሳየ። የማይጠቅም መድኃኒት ርካሽ ነው አይባልም የሚል መልእክት ነበረው። ለቁጥር 8ም አንድ እርማት ላከች፤ በ2017 የወጣው አማሲንግ ጂኤፍአራቸው ከ30 እስከ 59 የሆኑ 660 ሰዎችን ሳላይን በመስጠትና ባለመስጠት ሲያነጻጽር ልዩነት አልነበረም፣ 2.7 እና 2.6 በመቶ። ስለዚህ በዚያ ደረጃ ያለ ሰው በአፉ ይጠጣ፤ ሳላይኑ ከ30 በታች ለወረደውና መጠጣት ለማይችለው ይቀመጥ። ቁጥር 8 ለዚህ መልስ አልሰጠም፤ አውራ ጣት ብቻ አስቀመጠ።

ቁጥር 11 ሁሉንም አስቆመ። ወደ ካት ላብ ከምንልካቸው ብዙዎቹ የሩማቲክ የልብ ቫልቭ ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ማይትራል ቫልቩ (በልብ ግራ በኩል ያለው) የጠበበበትን ሰው ሌሊቱን ሙሉ በሳላይን ማጥለቅ ሳንባውን ውኃ መሙላት ነው። ለእንዲህ ያለው ፍጥነቱ በግማሽ፣ በኪሎ 0.5 ሚሊ በሰዓት ይሁን፤ እግሩና ሳንባው እየታየ። ካት ላብ ከገባ በኋላ በልቡ ግራ ክፍል ግፊት እየለኩ የመስጠት ዘዴም አለ፤ ፖሲደን የተባለው ጥናት በ2014 የሞከረው ነው፤ ግፊቱ ከ13 በታች ከሆነ በኪሎ 5 ሚሊ በሰዓት፣ እስከ 18 ከሆነ 3፣ ከዚያ በላይ 1.5። የኩላሊት ጉዳቱ ከ16.3 ወደ 6.7 በመቶ ወርዷል። ማይትራሉ የጠበበበት ሰው ላይ ግን ይህ ግፊት የሳንባውን ሁኔታ እንደማይናገር በትክክል አስታወሰ።

ቁጥር 12 መድኃኒቶቹን ጠቀሰ፣ አጭር ነው። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ቀድመው ይቁሙ፤ በሽተኛው እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥራቸው በስማቸው እየጠሩ መጠየቅ ነው። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ በሥራው ዕለት ቆሞ ከ48 ሰዓት በኋላ ክሬቲኒን ታይቶ ይጀመር። ሜትፎርሚን ራሱ ኩላሊት አይጎዳም፤ ፍርሃቱ ኩላሊቱ ከቆመ ተጠራቅሞ ደሙን አሲድ እንዳያደርግ ነው።

ቁጥር 13 የፈቃድ ቅጹ ላይ ሽሪምፕ ይከለክልሃል ወይ የሚለው ጥያቄ ጅማ ላይ ምን ይሠራል ብሎ አሳቀን። ቁም ነገሩ ግን አለው። አዮዲን ራሱ አለርጂ አያመጣም፤ የባሕር ምግቡ አለርጂ ከፕሮቲኑ ነው። መጠየቅ ያለበት ከዚህ በፊት በሲቲም ሆነ በልብ ምርመራ ቀለም ሲሰጠው ሰውነቱ አሳክኮት፣ ትንፋሹ አጥሮት ያውቅ እንደሆነና አስም ያለበት መሆኑ ነው። ያጋጠመው ሰው ፕሬድኒሶን 50 ሚሊግራም ከ13፣ ከ7 እና ከ1 ሰዓት በፊት ይወስዳል፤ የመጀመሪያዋ እንክብል ጅማ ወይም መንገድ ላይ ልትውል ስለምትችል አስቀድሞ ማሰብ ነው። ከባድ ምላሽ ከመጣ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም ጭን ላይ በጡንቻ፣ በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ይደገማል።

ቁጥር 14 አዮዲን ከተነሳ ብላ እንቅርትን አመጣች፤ ለዚህ አካባቢ ከሽሪምፑ ሺህ ጊዜ የሚቀርብ ነገር ነው። 100 ሚሊ የ350 ኮንትራስት 35 ግራም አዮዲን ይይዛል፤ የሰው የቀን ፍላጎት 150 ማይክሮግራም ነው። አብዛኛው ከሞለኪዩሉ ጋር ታስሮ በሽንት ይወጣል፤ ግን ነጻ የሚሆነው ጥቂቱም ለዓመታት አዮዲን ላነሰው፣ እባጭ ለበዛበት እንቅርት ብዙ ነው። ከሳምንታት በኋላ ልቡ እየመታ፣ ክብደቱ እየቀነሰ፣ ምቱ እየተዘበራረቀ ይመጣል፤ የልብ በሽተኛ ስለሆነም ሁሉም ለልቡ ይሰጠዋል። ከመላኩ በፊት አንገቱን መዳሰስ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እንቅርት ካለ ቲኤስኤች (የታይሮይድ እጢን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ። ታይሮይዱ በግልጽ ከመጠን በላይ የሚሠራበት ሰው ቀለሙ አይሰጠውም።

ከ15 እስከ 17 ክሩ ወደ ቡና ሄደ። ጅማ ነውና አይገርምም። አንዱ ጠዋት ቡና ይከልከል አለ፤ ሌላው ቡና ከቀለሙ ጋር ምንም ጠብ እንደሌለው፣ ክልከላው አዴኖሲን በተባለ መድኃኒት ለሚሠራ ሌላ የልብ ምርመራ እንደሆነ መለሰለት፤ ካፌይን አዴኖሲኑ የሚይዝበትን ቦታ ስለሚዘጋ ቢያንስ 12 ሰዓት መተው አለበት። ሦስተኛው በቀን ሦስት ጊዜ የለመደውን ሰው ቡና ከልክሎ ራስ ምታት ሲጀምረው የደም ግፊት ነው ብሎ መሯሯጥን ቀለደበት። በጨው ስለሚጠጣው ቡናና ስለ ልብ ድካም የተጀመረው ክርክር ግን መጨረሻ አልነበረውም፤ አልፌዋለሁ።

ቁጥር 18 መልሶ አመጣን። ክሬቲኒን መጨመር የሚጀምረው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው፣ ጫፉን የሚይዘው ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። የእኛ ሰው ግን በሁለተኛው ቀን ጅማ ቤቱ ነው። አዲስ አበባ ያሉት ሲለቁት ደህና ነበር፣ እኛ ጋ ሲመጣ ቁስሉ ብቻ ይታያል፤ ክሬቲኒኑን ያዘዘ የለም። ሐሳቡ አንድ ወረቀት ነው። ጅማ የተለካ መነሻ ክሬቲኒን ከነአሃዱና ከነቀኑ፣ ክብደት፣ የቀለም ጣሪያ በሚሊ ሊትር፤ ከታች ባዶ ቦታ፣ ካት ላቡ የሰጠውን ዓይነትና መጠን የሚጽፍበት፤ ከዚያ በታች የሦስተኛው ቀን ቀጠሮ። መነሻውና የሦስተኛው ቀን ምርመራ በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ዘዴ ይሠሩ፤ ክሬቲኒን ከሚለካባቸው አንዱ የሆነውን የጃፌ ዘዴ ቢሊሩቢንና ኬቶን ስለሚያሳስቱት ከኢንዛይሙ ዘዴ ጋር በ0.3 ሊለያይ ይችላል፣ 0.3 ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ኩላሊቱ ተጎዳ የምንልበት ድንበር ነው። ለእኔ የክሩ ዋና ነጥብ ይህ ነው፤ የጠርሙሱን ስም ሪፈሩ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ቀኑን መጻፍ።

ቁጥር 19 በጥርጣሬ ገባ፤ ከካት ላብ በኋላ የጨመረ ክሬቲኒን ሁሉ የቀለም ሥራ አይደለም አለ። የደም ግፊቱ ወድቆ (ሾክ ሆኖ) የገባ ሰው ኩላሊቱ በቂ ደም ስላልደረሰው ተጎድቷል። ካቴተሩ ከአኦርታ ግድግዳ የፋቀው የኮሌስትሮል ፍርፋሪም አለ፤ እሱ በቀናት ውስጥ አይመለስም፣ በሳምንታት እየባሰ ይሄዳል፣ የእግር ጣት ይጠቁራል፣ ኢዮዚኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ይበዛል። የልብ ደም ሥሩ ሙሉ ተዘግቶ በድንገተኛ የልብ ጥቃት የመጣ ሰው ላይ ደግሞ ክሬቲኒን እየተጠበቀ ሰዓት አይባክንም። እዚህ ላይ ቁጥር 3 አንድ ቃል ብቻ ጽፎ አጸደቀ።

ክሩን የከፈተው ሰው ስለ አዮዲክሳኖሉ አንድም ሳይል ወረቀቱን ማዘጋጀት መጀመሩን ነግሮ አንድ ጥያቄ ጨመረ። ሥራው ሐሙስ ከሆነ ሦስተኛው ቀን እሑድ ላይ ይውላል፤ ላብራቶሪውም ለድንገተኛ ካልሆነ ዝግ ነው። ቁጥር 20 መለሰለት፤ ቅዳሜ ይወሰድ፣ ሰኞ ይደገም። ቅዳሜ 0.3 ከጨመረ ሰኞ አይጠበቅም፣ በማግስቱ በድንገተኛ ክፍል ይታይ፣ ሜትፎርሚኑም እንደቆመ ይቆይ። ሽንቱ ከቀነሰ ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን በዚያው ሰዓት ይምጣ፤ ይህን ለአስታማሚውም ንገሩት።